የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ መንገዶች

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ መንገዶች የሚባሉት በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች፣ በከፊልም በየካ ውስጥ የተዘረጉት ዋና ጎዳናዎችና የየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ምጽዋንና ጅቡቲን በመሰሉ የቀድሞ የቅኝ ግዛት ወደቦች መንገዱ ከመርከብ ማራገፊያው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይዘረጋል። ባሕር በሌላት አዲስ አበባ ይህን ቦታ የያዘው አውሮፕላን ማረፊያው ነው። በዚህም ምክንያት የምሥራቁ ክፍል ዋና መንገዶች የታቀዱት በመጀመሪያ ለመጪና ለሂያጅ ነበር። በየሰፈሩ በእግሩ ለሚመላለሰው ነዋሪ የታሰበው ዘግይቶ ነው፤ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑ በተደጋጋሚ ሲገለጽ ቆይቷልና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አቀማመጥና አፈር

አካባቢው ከእንጦጦ ተዳፋት በታች የሚገኝ ሜዳ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የክረምቱ ዝናብ ከላይ ወርዶ በቀበናና በቡልቡላ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ ይሄዳል። ከዚህ ጎርፍ የከፋው የመንገድ ችግር ግን መረሬው ነው። በቦሌ፣ በሰሚትና በሲ ኤም ሲ ሰፊ ቦታ የያዘው ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አስፋልቱን ከሥር እየገፋና እየለቀቀ ያዘምመዋል፣ ይተረትረዋል። መፍትሔው መረሬውን ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ የተመረጠ ገረጋንቲ እየሞሉ በሮለር መዳመጥ፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ማበጀት ነው። ሥራው ውድ ስለሆነ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ብዙ ጊዜ ሲዘለል ይታያል። በአካባቢው አዲስ መንገድ ቶሎ የሚበላሽበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

የምሥራቁ በር፦ አስመራ መንገድ

ከኡራኤል በሃያ ሁለት ወደ መገናኛና ወደ ኮተቤ የሚዘልቀው ጎዳና ለረዥም ዘመን አስመራ መንገድ ሲባል ኖሯል። ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ ያለው ዛሬ በሯጩ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። ይህ ጎዳና ከተማዋን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና መነሻ ነው።

መንገዱን ማን ሠራው የሚለው ሲያከራክር የቆየ ነው። በሰፊው የሚነገረው «መንገዱን ጣሊያን ሠራው» የሚል ነው። ከ1928 እስከ 1933 በቆየው ወረራ ፋሺስት ጣሊያን ጦሩን ለማንቀሳቀስ ብዙ መንገድ መዘርጋቱ፣ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ በሚገኘው ጣርማ በር ተራራውን ሰርስሮ ማለፉም እርግጥ ነው። ነገር ግን አባባሉ ሦስት ነገሮችን ይጋርዳል። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ መንገድ ሥራ ከወረራው ይቀድማል። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አስጠርገዋል፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በዘመናቸው ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ በሕዝቡ አፍ ገብቷል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን ከፈለጡትና አፈሩን ከዛቁት መካከል እጅግ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ስም በየድልድዩ ላይ አልተቀረጸም። ሦስተኛ፣ በጦርነቱና በጥገና እጦት የተጎዳውን መንገድ እንደገና ለአገልግሎት ያበቃው በ1943 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነው። የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ የሰጠው 5 ሚሊዮን ዶላር ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። ስለዚህ መንገዱን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ይሆናል።

ቦሌ መንገድ

ከመስቀል አደባባይ በፍላሚንጎ፣ በኦሎምፒያና በወሎ ሰፈር አድርጎ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የሚደርሰው መንገድ በመዝገብ ስሙ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ ሰው ግን ቦሌ መንገድ ይለዋል። የተወለደው ከጄት አውሮፕላን ጋር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃና በከተማው መሃል ተከብቦ መስፋፊያ ስላጣ፣ አዲሱ ማረፊያ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው በቦሌ ሜዳ ተሠራ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶቹን ሥራ ያስጀመረው በ1955 ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው ይህ ጎዳና የአገሪቱ የእንግዳ መቀበያ ሆነ። በግራና በቀኙ ቪላዎች፣ ኤምባሲዎች፣ ኋላም ፎቆች በቀሉበት።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ ከ2003 ገደማ ጀምሮ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ 50ኛ ዓመት በዓል፣ ማለትም ለግንቦት 2005 እንዲደርስ የተካሄደው መልሶ ግንባታ ነው። ነባሩ አስፋልት ተነሥቶ መንገዱ ሰፋ፤ ማሳለጫዎች ተሠሩ፤ መኪናው ሳይቆም እንዲያልፍ ተደረገ። በአንጻሩ ከጎዳናው ማዶ ለማዶ መሻገር ለእግረኛ ከቀድሞው ይልቅ ረዘመ።

ቀለበት መንገድ

የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን በ1990 ተቋቋመ። በእርሱ ዘመን በቻይናው የመንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን የተሠራው ቀለበት መንገድ በምሥራቅ በኩል በቦሌ ድልድይ፣ በኢምፔሪያልና በገርጂ አቅራቢያ አልፎ መገናኛ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ባዘጋጁት የከተማ ፕላን ቀለበቶችንና ከመሃል የሚወጡ ጎዳናዎችን አስበው ነበር።

ቀለበት መንገዱ የከባድ መኪናውን ፍሰት ከመሃል ከተማ አውጥቷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሰፈርን ከሰፈር መቁረጡም አይካድም። በመሃል የቆመው የኮንክሪት አካፋይ፣ እርስ በርስ የተራራቁት የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድዮችና የደረጃቸው ርዝመት እንጀራ ጭና ገበያ ለምትሄድ እናት ወይም ለአረጋዊ ከባድ ናቸው። ሰው አካፋዩን እየዘለለ የሚሻገረው የመንገድ ሥነ ሥርዓት ስለማያውቅ ብቻ ነው የሚለው ትችት ፍትሐዊ አይመስልም። መሻገሪያው ከቤቱና ከሥራው መንገድ ላይ ካልተገኘ እግረኛ አጭሩን ይመርጣል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ የቀያሹ ፋንታ ነው።

ቀላል ባቡር

መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመር በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከአያት በሲ ኤም ሲና በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከሌላው ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ተከፈተ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። የሐዲዱ አጥር ከመገናኛ በስተምሥራቅ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎታል።

ኮብልስቶን

ስለ ታላላቆቹ ጎዳናዎች ብዙ ሲጻፍ ስለ ኮብልስቶን፣ ማለትም በተጠረበ ድንጋይ ስለሚነጠፈው መንገድ፣ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ የምሥራቁን ነዋሪ የዕለት ኑሮ ይበልጥ የለወጠው ግን ምናልባት ይኸው ነው። በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ በድሬዳዋ ተሞክሮ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ጥቁር ድንጋይ በመዶሻና በመሮ በእጅ ይጠረባል፤ በተዳመጠ መሠረት ላይ አሸዋ ተነጥፎ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይደረደራል። ሬንጅ ከውጭ መግዛት አያስፈልግም፤ የውኃ ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩ ተነሥቶ ይመለሳል። ሥራው የሚሰጠው ለተደራጁ ወጣቶች ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶችም መዶሻ ጨብጠዋል፤ ይህ በጊዜው ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። በብዙ ሰፈሮች ነዋሪው ከወጪው ከፊሉን አዋጥቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦቲ ጫማ አጥልቆ ወጥቶ አስፋልት ዳር ሲደርስ ለሚቀይር ሰው ይህ መንገድ ክብሩን የመለሰለት ነው። ጉድለቱ ከታች ነው፦ መረሬው ሳይወጣና ቦይ ሳይኖር የተነጠፈ ኮብልስቶን በሁለት ሦስት ክረምት ይሰምጣል፣ ይወላገዳል።

ኮሪደር ልማት

ዋና ዋና ጎዳናዎችን ከነዳርቻቸው የማደስ ሥራ የሆነው ኮሪደር ልማት የተጀመረው በ2016 ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መገናኛ የሚሄደው ጎዳና በመጀመሪያው ዙር ተካቷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ተጨምረዋል፤ በሌላ በኩል በከተማዋ ልዩ ልዩ ኮሪደሮች ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፣ ነዋሪዎችም ተነሥተዋል።

የጎዳና ስሞች

በቦሌ ብዙ ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ተሰይመዋል፤ ለምሳሌ ካሜሩን ጎዳናና ናሚቢያ ጎዳና። ለታክሲ ረዳትም ሆነ ለተሳፋሪ ግን አቅጣጫ የሚነገረው በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆቴልና በሕንፃ ስም ነው።