ጥጧን ማን ነካት?

ኦገስት 1986፣ እንግሊዝ አገር፣ ከሌስተር ከተማ ወጣ ብሎ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በፖሊስ ምርመራ ላይ ገድያለሁ ብሎ አመነ። የተገደለችው የ15 ዓመት ልጅ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው አካባቢ ሌላ የ15 ዓመት ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ተገድላ ነበር፤ ልጁ ግን ያቺኛዋን አላውቅም አለ። ፖሊሶቹ አልተዋጠላቸውም። ሁለቱንም የገደለው እሱ ነው ብለው ደምድመዋል፤ የቀራቸው ይህንን የሚያረጋግጥላቸው ሰው ማግኘት ብቻ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሩቅ አልነበረም። እዚያው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሌክ ጄፍሪስ የሚባል የዘረመል ተመራማሪ አለ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከጨለማ ክፍል አንድ የራጅ ፊልም አውጥቶ ሲያይ የአንዱ ሰው ዲኤንኤ መስመሮች ከሌላው እንደሚለዩ፣ የልጅ መስመሮች ደግሞ ግማሹ ከእናት ግማሹ ከአባት እንደሚመጡ ገባው። ግኝቱ መጀመሪያ የዋለው ግን ለወንጀል አይደለም፤ ለኢሚግሬሽን ነው። በ1985 ከጋና ወደ እንግሊዝ የተመለሰን አንድ ልጅ ባለሥልጣናቱ «የእናትህ ልጅ መሆንህን አላመንንም» አሉት። አባትየው በሌለበት፣ ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ በተወሰደ ደም ልጅነቱ ተረጋገጠ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቤተሰብ ለመውሰድ ፕሮሰስ የጀመረ ዘመድ ያለው ሰው «ዲኤንኤ ስጡ ተባልን» የሚለውን ወሬ ሰምቷል። በ2008 አሜሪካ በስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራሟ ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ስትሞክር ከናይሮቢ ቀጥሎ ካዳረሰቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጄፍሪስ ከሁለቱ ሟቾች አካል የተወሰደውን ናሙና ከልጁ ደም ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ፦ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አይደለም። መርማሪዎቹ ደነገጡ። ከእነሱ በላይ የደነገጠው ራሱ ጄፍሪስ ነው፤ መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ዘዴ ነበር። እኔ ዴቨሎፐር ነኝ፤ ይህን ስሜት በደንብ አውቀዋለሁ። የማትጠብቀው ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠረጥረው የራስህን ኮድ ነው። ችግሩ የምትጠብቀው ውጤት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ማን ይጠራጠራል? ምርመራው ተደገመ፣ መልሱ ያው ሆነ። ልጁ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተለቀቀ። በዓለም ላይ በዲኤንኤ ንጽሕናው የተረጋገጠለት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ያስታውሱ፣ ምርመራው የታዘዘው ጥፋተኛነቱን እንዲያጸና ነበር።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ በ1987 ወደ 5,000 የሚጠጉ የአካባቢውን ወንዶች ደምና ምራቅ ሰበሰበ። ምንም አልተገኘም። ለምን? ኮሊን ፒችፎርክ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ፣ ፎቶው በተቀየረ ፓስፖርት በእሱ ስም ደም አሰጥቶ ነበር። ባልደረባው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ጉዳዩን አወራ፣ የሰማች ሴት ለፖሊስ ነገረች። በቃ። ገዳዩ ተያዘ፣ ዲኤንኤው ገጠመ፣ ጃንዋሪ 1988 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ላቦራቶሪው ንጹሑን ነጻ አወጣ፤ ጥፋተኛውን እጅ ላይ የጣለው ግን የመጠጥ ቤት ወሬ ነው።

ያኔ ለምርመራ በዓይን የሚታይ ጥሩ መጠን ያለው ደም ያስፈልግ ነበር። ቀስ በቀስ ትንሽ ዲኤንኤን ሚሊዮን ጊዜ የሚያባዛው ዘዴ፣ ፒሲአር፣ ወደ ፎረንሲክ ገባ። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስሙን ለምደነዋል። እንግሊዝ በ1995፣ አሜሪካ በ1998 ብሔራዊ የዲኤንኤ ዳታቤዛቸውን ከፈቱ። አሁን አንድ ሰው ነክቶ ከሄደው የበር እጀታ ላይ የቀሩ ጥቂት ሴሎች ይበቃሉ። ጥሩ ዜና ይመስላል። ነውም። ግን ሁሉንም የሚሰማ ጆሮ መስማት የሌለበትንም ይሰማል።

ኤፕሪል 25 ቀን 2007 ጀርመን ውስጥ፣ ሃይልብሮን ከተማ፣ አንዲት የ22 ዓመት ፖሊስ በሥራ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች ተተኩሶባት ሞተች፤ ባልደረባዋ ክፉኛ ቆሰለ። ከመኪናዋ ላይ የአንዲት ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። ዳታቤዙ ውስጥ ሲፈለግ ሴትዮዋ አዲስ አይደለችም፦ በ1993 በተፈጸመ ግድያ አለች፣ ከተበላ ብስኩት ላይ አለች፣ ከሄሮይን መርፌ ላይ አለች። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ፣ ከ40 በላይ ቦታዎች። 300,000 ዩሮ ወሮታ ተመደበ። ግብረ አበሮቿ ናቸው ተብለው የተያዙ ሰዎች «እንዲህ ያለች ሴት አናውቅም» ይላሉ፤ ፈርተዋት ነው ተባለ። ከዲኤንኤው ላይ የዘር ምንጭ ሲመረመር ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ያመላክታል ተባለ፤ ፖሊስም ዓይኑን የሮማ ማኅበረሰብ ላይ ጣለ። በአንድ ላቦራቶሪ ወረቀት ምክንያት አንድ ሙሉ ማኅበረሰብ ተጠርጣሪ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ የተፈታው በ2009 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ተቃጥሎ የተገኘ አስከሬን ማንነት ለመለየት፣ ሟቹ ነው ተብሎ የታሰበ ጥገኝነት ጠያቂ ወንድ ካስገባው ማመልከቻ ላይ ናሙና ተወሰደ። ያቺው ሴት! ከወንድ ወረቀት ላይ ሴት እንዴት ትወጣለች? ሲደገም ጠፋች። ሴትዮዋ ነፍሰ ገዳይ አልነበረችም። ጫፋቸው ጥጥ የሆኑትን የናሙና መውሰጃ እንጨቶች የሚያሽግ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ጥጡ ከጀርም የጸዳ ነው፤ ባክቴሪያ የለበትም። ጀርምን የሚገድለው ሙቀት ወይም ጨረር ግን የሰው ዲኤንኤን ጠርጎ አያወጣም። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ለሐኪምና ለፎረንሲክ ባለሙያ አንድ ትርጉም የለውም። የሌላ አምራች ጥጥ ይጠቀም በነበረው የባቫሪያ ግዛት ሴትዮዋ አንድም ቀን አልታየችም። ካርታው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ለዓመታት ሲጮህ ማንም አልሰማውም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። የፖሊሷ እውነተኛ ገዳዮች ኒዮናዚዎች እንደነበሩ የታወቀው በ2011 ነው።

ጥጡ ንጹሕ ቢሆንም ሁለተኛ ጣጣ አለ፦ የተቀላቀለ ናሙና። እያንዳንዳችን በአንድ የዲኤንኤ መለኪያ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር አለን፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ስክሪኑ ላይ አራት ቁጥር ከታየ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ቁጥር የሚጋሩ ሦስት ወይም አራት ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ማሽኑ ጉብታዎቹን ይስላል እንጂ የማን እንደሆኑ አይናገርም። ያንን የሚናገረው ሰው ነው።

ሰው ደግሞ ይለያያል። ኢቲየል ድሮርና ግሬግ ሃምፒኪያን በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእውነተኛ የአሜሪካ የወንጀል ጉዳይ የተወሰደ ቅልቅል ናሙና የጉዳዩ ታሪክ ሳይነገራቸው ለ17 ተንታኞች ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች «ተጠርጣሪው የለበትም ማለት አይቻልም» ብለው ነበር። ከ17ቱ በዚህ የተስማማው አንድ ብቻ ነው። 12ቱ «የለበትም» አሉ፣ 4ቱ መልስ መስጠት አይቻልም አሉ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ ለ108 ላቦራቶሪዎች ሰው ሠራሽ ፈተና ላከ። በአንዱ ጥያቄ ላይ አንድ ንጹሕ ሰው ሆን ተብሎ ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ተጨምሯል፤ 74 ላቦራቶሪዎች እሱንም ከናሙናው ውስጥ ሊኖር ይችላል ብለው ጨመሩት። እውነት ለመናገር ጥያቄው ከባድ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ቢሆንም 74!

መፍትሔው ሶፍትዌር ነው ተባለ፤ እኔም ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በዚህ በር ነው። «ይህ ሰው ናሙናው ውስጥ ቢኖርና ባይኖር፣ የትኛው ስንት እጥፍ ያስኬዳል?» ለሚለው ፕሮግራሙ ቁጥር ይሰጣል። ኒውዮርክ ከተማ በ2011 የራሷን ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለች፤ ሶርስ ኮዱ ግን ለተከሳሾች ዝግ ነበር። በ2016 አንዲት ዳኛ ለተከላካይ ወገን ባለሙያ እንዲሰጥ አዘዙ። ኮዱ ሲነበብ አንድ ያልተጠበቀ ፋንክሽን ተገኘ፤ የተወሰነ ሁኔታ ሲሟላ ከስሌቱ ውስጥ ዳታ ይጥላል፣ የታተመው ማብራሪያ ላይ ግን የለም። ላቦራቶሪው ውጤቱን ያን ያህል አይለውጥም ብሎ ተከራከረ። ይሁን። ግን እኔ በምሠራበት ቦታ ለአንድ የክፍያ ገጽ እንኳ ሁለተኛ ሰው ሳያነበው ኮድ አይለቀቅም፤ እዚህ ላይ የሚለቀቀው ወይም የሚታሰረው ሰው ነው።

ስለዚህ ዛሬ የዲኤንኤ ከፍተኛ ተንታኝና አሠልጣኝ የሚባለው ሰው ሥራ ፊልም ላይ ከምናየው በጣም የተለየ ነው። ትልቁ ክፍል ማንበብና እንዴት እንደሚነበብ ማስተማር ነው። ሠልጣኙ ከእያንዳንዱ የናሙና ዙር ጋር ምንም ያልገባበት ባዶ ቱቦ አብሮ ያስገባል፤ ባዶው ቱቦ ስም ካወጣ የዙሩ ውጤት ሁሉ ይመረመራል። የላቦራቶሪው ሠራተኞች ዲኤንኤ፣ የአሠልጣኙም ጭምር፣ ለማነጻጸሪያ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አሜሪካ ውስጥ ተንታኙ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ የ20 ዓመት ልምድ ያለውም ቢሆን።

ጥንቃቄ በሚደረግበት ቦታ ደግሞ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ አይሰጡም። ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚያየው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቦታ የመጣውን ብቻ ነው። ስንት ሰው እንዳለበት፣ የትኛው ጉብታ እንደሚቆጠር፣ የትኛው እንደማይቆጠር ይጽፋል፣ ቀን ያደርግበታል፣ ይፈርማል። የተጠርጣሪው ፕሮፋይል የሚከፈትለት ከዚያ በኋላ ነው። ከተከፈተ በኋላ ሐሳቡን ከቀየረ የመጀመሪያውን አይሰርዝም፤ ለምን እንደቀየረ ከጎኑ ይጽፋል።