ከሐር ነጋዴው እስከ ቪዲዮ ካሴቱ፤ መናፍስት በጃፓን አስፈሪ ልብ ወለድ

በጥር ወር 1965 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን አገር የትሱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የስፖርት አዳራሽ ሊያሠራ ተነሣ፤ መሬቱም ከመቆፈሩ በፊት የሺንቶ ካህናት ጠርቶ የቦታውን ቆሌ አስለመነ። ለዚህ ከከተማው ገንዘብ የወጣው 7,663 የን ብቻ ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ግን ድርጊቱ ሃይማኖትንና መንግሥትን የሚለየውን ሕግ ይጥሳል ሲል ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ሥርዓቱ የተለመደ ልማድ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። እኔን እንደ መሐንዲስ ያስገረመኝ ፍርዱ ሳይሆን የክርክሩ መነሻ ነው፤ ሙግቱ ስለ ገንዘቡና ስለ ሕጉ እንጂ ቆሌው ስለ መኖሩ ወይም ስላለመኖሩ አልነበረም።

የዚያች አገር አስፈሪ ልብ ወለድም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። በብዙ የአውሮፓ የመናፍስት ታሪክ ገጹን የሚፈጀው «እውነት ነው ወይስ ቅዠት?» የሚለው ጥያቄ ነው። በ1776 የታተመውን የኡዌዳ አኪናሪን «ኡገትሱ ሞኖጋታሪ» ብንገልጥ ግን ሌላ እናገኛለን። ካትሱሺሮ የተባለ ሰው ሐር ሊሸጥ ወደ ዋና ከተማው ይሄዳል፤ በመጸው እመለሳለሁ ብሎ ለሚስቱ ለሚያጊ ቃል ቢገባም ጦርነት መንገዱን ስለዘጋው ሰባት ዓመት ይቀራል። በመጨረሻ ሲመለስ ሚስቱ በቤቷ ተቀበለችው፤ አብረው አደሩ። ሲነጋ ጣራው የፈረሰ፣ ወለሉን ሣር የበቀለበት ኦና ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ነቃ። ካትሱሺሮ ዓይኑን አይጠራጠርም። አንድ ሽማግሌ ፈልጎ አሟሟቷን ይሰማል፤ ከዚያም ሁለቱ በመቃብሯ አጠገብ ሲጸልዩ ያድራሉ። የሚያስፈራው የሙት መታየት አይደለም፤ መዘግየቱ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ ብዙዎቻችን ስለዚያች አገር ስናነሣ የምናስበው ሥልጣኔዋን ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፋብሪካው ሲገባ መንፈሱ ይወጣል ብዬ አምን ነበር።

በእርግጥ ሊያስወጡት የሞከሩ ነበሩ። ፈላስፋው ኢኖዌ ኤንርዮ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አገሩን እየዞረ የጭራቅና የመንፈስ ወሬ ሰብስቦ በሳይንስ መረመረ። በሦስት የቀርከሃ እንጨቶች ላይ ትሪ አስቀምጠው እጃቸውን እየጫኑ መንፈስ የሚጠይቁትን ሰዎች፣ ትሪውን የሚያንቀሳቅሰው ሳይታወቃችሁ የሚሠራው የራሳችሁ ጡንቻ ነው አላቸው። ማብራሪያው ዛሬም የሚያስኬድ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ሁሉን አበጥሮ ሲጨርስ «እውነተኛ ምሥጢር» ብሎ የሰየመውን አንድ ክፍል ሳይነካ ተወው።

በመድረክ ተረክ የታወቀው ሳንዩቴይ ኤንቾ ደግሞ ነገሩን በቀልድ አለፈው። ሠልጥነናል የሚሉት ሰዎች መንፈስ የነርቭ ሕመም ነው ማለት ሲጀምሩ የድሮ ታሪኩን ስም ለወጠ፤ በአዲሱ ስም ውስጥ ያለው «ሺንኬይ» የሚለው ቃል ሲሰማ «ነርቭ» ነው፣ በጽሕፈቱ ግን «እውነተኛ ትዕይንት» ማለት ነው። ለአድማጩ ዘመናዊውን ቃል ሰጠው፤ ሙታኑንም አላሰናበተም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው የሱዙኪ ኮጂ «ሪንግ» ነው፤ በ1991 ታተመ። የተመለከተው ሰው ሁሉ በሰባት ቀን ውስጥ የሚሞትበት የቪዲዮ ካሴት አለ። ጋዜጠኛው አሳካዋና ጓደኛው ርዩጂ እርግማኑን እንደ እውነት ተቀብለው ምርመራቸውን ይቀጥላሉ። በፊልሙ ውስጥ ብልጭ የሚለውን ጨለማ ይቆጥራሉ፤ የዓይን ቅንድብ መርገብገብ ሆኖ ያገኙትና ምስሉን የቀዳው ካሜራ ሳይሆን ሰው ነው ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የላቦራቶሪ ሥራ በልብ ወለድ አላነበብሁም። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለችውን የሳዳኮን አፅም ያወጣሉ፤ በቀድሞው ልማድ ዕዳው በዚህ መከፈል ነበረበት። ርዩጂ ግን በቀኑ ሞተ። አሳካዋን ያዳነው ካሴቱን ገልብጦ ለሌላ ማሳየቱ ሆኖ ተገኘ። ሚስቱና ሕፃን ልጁም ካሴቱን አይተዋል፤ ስለዚህ የቪዲዮ መቅጃውን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ አማቾቹ ቤት ይነዳል።