ኡዝቤኪስታን የሕፃናትን ጉልበት ከጥጥ ለቀማ ያስወጣችበት ሂደት

በኡዝቤኪስታን መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚመድበውን የጥጥ ምርት ኮታ ለማሟላት ሲባል በለቀማ ወቅት ትምህርት እየተቋረጠ ተማሪዎች ወደ እርሻ ይሰማሩ ነበር። አገሪቱ አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ሥራን የሚከለክለውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 182 እ.ኤ.አ. በ2008 ብታጸድቅም ኮታው ባለመነሳቱ ድርጊቱ ወዲያውኑ አልቆመም።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የለቀማውን ሂደት መከታተል ጀመረ። በርካታ የልብስ ኩባንያዎችም የአገሪቱን ጥጥ ላለመጠቀም ቃል ገቡ። ከዚያ በኋላ ለለቃሚዎች የሚከፈለው ዋጋ ከፍ እንዲል የተደረገ ሲሆን፣ የኮታው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2020 ተሽሯል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ሥርዓታዊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛና የግዳጅ ሥራ መወገዱን አረጋግጧል። በማሻሻያው ሂደት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከዚሁ ሥራ መላቀቃቸውንም ገልጿል።

ተሞክሮው ሕግ ማጽደቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና አስፈጻሚ አካላትን ወደ ማስገደድ የሚገፋው አሠራር ጭምር መለወጥ እንዳለበት ያመለክታል።