የአክሱም ቁፋሮና የቈፋሪዎቹ ስም

ከአክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዱንጉር በሚባለው ስፍራ፣ ሰፊ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ይታያል። የአገሩ ሰው «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይለዋል። ይህን ፍርስራሽ በ1960ዎቹ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ቈፍሮ የገለጠው ፈረንሳዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ነበር። ከግንቡ አሠራርና ከውስጡ ከተገኘው ዕቃ እንደሚታወቀው፣ ሕንፃው በ6ኛው ምዕት ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ገደማ የተሠራ የአንድ ባለጸጋ መኖሪያ ነው። ትውፊት ንግሥቲቱን በ10ኛው ምዕት ዓመት ከልደት በፊት ስለሚያኖራት፣ በስሙና በድንጋዩ መካከል 1500 ዓመት ያህል ይገኛል። እንዲህም ሆኖ ስሙ አልተለወጠም፤ ጎብኚውም የሚመጣው ስሙን ሰምቶ ነው። በ2008 ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በዚያው ስፍራ የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥት አገኘን ብለው ባስታወቁ ጊዜ ወሬው በየአገሩ ጋዜጣ ተሠራጨ፤ ማስረጃው ግን በሌሎች ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

በሕዝብ አስተያየት ቈፋሪ ማለት ወይ የተቀበረ ወርቅ የሚሻ፣ ወይ የአባቶችን ታሪክ ለማጽናት አለዚያም ለማፍረስ የመጣ ሰው ነው። ይህም አስተያየት የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በ1922 በግብፅ የቱታንክሃሙን መቃብር ከተገኘ ወዲህ ወርቁን የማያውቅ አውሮፓዊ የለም ማለት ይቻላል፤ ሃዋርድ ካርተር ዕቃውን አንድ ባንድ ሲመዘግብና ሲያወጣ የፈጀውን 10 ዓመት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አስተያየቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ትውፊት ሁልጊዜ ከድንጋዩ አይርቅም፤ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር የሚባለው ሕንፃ በአሠራሩ የ6ኛው ምዕት ዓመት ገደማ ስለሆነ ከነገሥታቱ ዘመን ጋር ይስማማል። ወርቅም አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። በኤርትራ፣ በሰንዓፈ አጠገብ ባለችው በመጠራ፣ ያው አንፍሬ ሲቈፍር ከአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የወርቅ ሰንሰለት፣ የወርቅ መስቀልና የሮም ቄሣሮች የወርቅ ገንዘብ አገኘ። ገንዘቡ የ2ኛው ምዕት ዓመት ነገሥታት መልክ አለበት። መስቀሉ ግን በ4ኛው ምዕት ዓመት ንጉሥ ዔዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ተሠራ ለማለት አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ ከተመታ በኋላ ብዙ ትውልድ ሲጠበቅ ኖሮ ነው የተቀበረው። ይህን ሁሉ የተናገረው ወርቁ አይደለም፤ ገንዘቡና መስቀሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው መገኘታቸው ነው። ወርቁን ያገኘው ሌላ ሰው ሆኖ ለየብቻው ቢሸጠው ኖሮ፣ ገንዘቡ አንድ ዘመን፣ መስቀሉ ሌላ ዘመን በመሰከሩ ነበር።

የአርኬኦሎጂ ሊቅ ጭንቀት ሁሉ ስለዚህ ስለ መገኛ ቦታ ነው። የታችኛው ዐፈር ከላይኛው እንደሚቀድም ማንም ይረዳዋል። ዳሩ ግን በኋላ ዘመን ጕድጓድ የማሰ፣ መሠረት የጣለ፣ ለቤቱ ድንጋይ የነቀለ ሰው ሥርዓቱን ያናውጠዋልና፣ ድርብርቡን ለይቶ፣ ገሉን አጥቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቍጥር ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ቁፋሮ የሚመረምረውን ነገር ራሱ ያጠፋል፤ አንድ ጊዜ የተነሣ ዐፈር ተመልሶ በሥርዓቱ አይተኛም። ቀሪው ጽሑፉና ሥዕሉ ብቻ ነው።

በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ጓድ በአክሱም ጥቂት ወራት ተቀምጦ ነበር። ሊትማን የቋንቋ ሊቅ ነው፤ ፍርስራሹን በመለካትና በመንደፍ በኩል ዋናው ሰው የሕንፃ ዐዋቂው ዳንኤል ክሬንከር ነበር። ሥራቸው በ1913 በአራት ጥራዝ ታተመ። ከነደፏቸው ሕንፃዎች አንዱ ታአካ ማርያም የሚባለው ታላቅ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ ፍርስራሹ ጠፋ። ዛሬ ያን ቤተ መንግሥት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ወደ ቦታው ሳይሆን ወደ ክሬንከር ንድፍ ይሄዳል።

ከ1952 ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ የአርኬኦሎጂ ተቋም ከተመሠረተ በኋላ፣ ሥራው እየሰፋ ሄደ። እንግሊዛዊው ኔቪል ቺቲክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሐውልቶቹ አካባቢ ሲቈፍር የ1974ቱ አብዮት ሥራውን አቋረጠው። ቺቲክ ዘገባውን ሳይፈጽም በ1984 ሞተ፤ አብሮት የሠራው ስቱዋርት መንሮ ሄይ አሰናድቶ ያሳተመው በ1989 ነው። ያ መጽሐፍ ባይወጣ ኖሮ የተቈፈረው ሁሉ እንደ ጠፋ ይቈጠር ነበር። ከ1993 እስከ 1997 ዴቪድ ፊሊፕሰን የመራው ቁፋሮ ደግሞ፣ ከመቃብሮቹ ሌላ፣ በእሳት ከስሎ የቀረ እህል ለይቶ አወጣ፤ ስንዴና ገብስ፣ ጤፍና ምስር፣ የወይንና የጥጥ ፍሬም ይገኙበታል። ይህ ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ አይደለም። ነገር ግን 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሐውልት የጠረበው ሕዝብ ምን ያርስ እንደ ነበር ሐውልቱ ራሱ አይናገርም።

የአክሱም ገበሬ በቈፋሪው ላይ ያለውን ጥርጣሬ ማቃለልም አይገባም። በ1937 ከእነዚሁ ሐውልቶች አንዱ ተወስዶ በሮም አደባባይ ቆሟል፤ የተመለሰው በ2005፣ በስፍራው የተተከለው በ2008 ነው። የውጭ አገር ሰው ከምድሩ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ሰው ያልሆነ ነገር አላሰበም። በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርስ ዐዋጅ ሕጋዊውን ቁፋሮ በፈቃድ አሰረው፤ ክረምቱን ግን ሊያስረው አልቻለም። ዝናም ማሳውን ባጠበ ቍጥር የጥንት ነገሥታት ገንዘብ ብቅ ይላል፤ እረኛው ያነሣዋል፤ ለመንገደኛም ይሸጠዋል። ገንዘቡ የየትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ በላዩ ካለው ጽሕፈት ይነበብ ይሆናል፤ ከየትኛው ማሳ እንደ ወጣ የሚያውቀው ግን የሸጠው ልጅ ብቻ ነው።