ስውር ጽሕፈትና መጻሕፍቱ የሚገኙባቸው ስፍራዎች

ምስጢር ሁለት መዝጊያ አለው። አንደኛው ቃሉ የተሰወረበት ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛውም ያንን ሥርዓት የሚያስረዳው መጽሐፍ ወዴት እንዳለ አለማወቅ ነው። የፊተኛውን መዝጊያ ብልህ ሰው በትዕግሥት ይከፍተዋል፤ ኋለኛውን ግን መጻሕፍትን ከሚያጠያይቅ ሰው በቀር የሚከፍተው የለም። በአዲስ አበባ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፥ ድርሳንና ገድል፥ የፊደል ገበታም የሚሻ ሰው ብዙ ሳይደክም ያገኛል። ስለ ስውር ጽሕፈት፥ ይኸውም ፈረንጆች ክሪፕቶሎጂ ስለሚሉት ጥበብ፥ የተጻፈውን የሚሻ ግን ከዚያ ተነሥቶ ሩቅ መንገድ መሄድ ይገባዋል። የዚህም መንገድ ታሪክ ሊታወቅ የተገባ ነው።

ስውር ጽሕፈት ከቅኔ የተለየ መሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ያሻል። ቅኔ ቃሉን ገልጦ ምስጢሩን ይሰውራል፤ ሰሙን ሁሉ ይሰማዋል፥ ወርቁን የተማረ ያገኘዋል። ስውር ጽሕፈት ፊደሉን ራሱን ይለውጠዋልና፥ ቍልፉ ያልተያዘ እንደ ሆነ ሰሙም ወርቁም አይገኝም። ለዚህ ጥንታዊ ምሳሌ የሚሆነን በዕብራይስጡ ትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 25 ቍጥር 26 «ሼሻክ» የተባለው ስም ነው። የዕብራይስጥን 22 ፊደላት ከመካከል አጥፎ የመጀመሪያውን በመጨረሻው፥ ሁለተኛውን በሃያ አንደኛው የሚለውጥ ሰው ቤትን ሺን፥ ላሜድንም ካፍ ያደርጋቸዋል፤ በዚህም «ባቤል» የነበረው «ሼሻክ» ይሆናል። ይህ ሥርዓት አትባሽ ይባላል።

ይህ ጥበብ የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳይመስል የማይጨውን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ከሆነው ጦርነት ጥቂት ቀን አስቀድሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለማጥቃት መቍረጣቸውን ለእቴጌ መነን በሬዲዮ ላኩ፤ ነገሩም ለአቡኑና ለሚኒስትሮቹ በምስጢር እንዲነገር፥ ጸሎትም እንዲደረግ አዘዙ። ያንን በምስጢር ይያዝ የተባለ ቃል ጣልያኖች ከአየር ጠልፈው አነበቡት። ጦሩ ከሰፈሩ ሳይነሣ አሳቡ በጠላት እጅ ገብቶ ነበርና፥ የስውር ጽሕፈት ነገር የመንግሥት ሕይወት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የተሰወረውን የመግለጥ ሥርዓት በጽሑፍ ካስተማሩት መካከል ከሁሉ ጥንታዊ ሆኖ የሚታወቀው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኪንዲ ነው። ትምህርቱም በቋንቋው ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቍጠር፤ በተሰወረውም ጽሑፍ ውስጥ እንደዚሁ ቍጠር፤ ከዚያም ብዙውን በብዙው፥ ጥቂቱን በጥቂቱ መዝን የሚል ነው። ይህን ሥርዓት በግእዝ የሚፈትን ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የግእዝ 26 ፊደላት በ7 ቤት ሲዘረዘሩ 182፥ ከ20ው ዲቃሎች ጋር 202 ይሆናሉና፥ ጽሑፉ አጭር እንደ ሆነ ብዙዎቹ ፊደላት አንድ ጊዜ እንኳ አይገኙም፤ ቍጥሩም አይታመንም። የፊደላችን ብዛት ለሰዋሪው ጋሻ ሲሆን ለገላጩ ድካም ነው።

የአል ኪንዲ መጽሐፍ በኢስታንቡል በሱሌይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ አዋቂዎቹ እንኳ አያውቁትም ነበር። ዴቪድ ካን በ1967 (የውጭ አገር ነገር ስለ ሆነ ዘመኑ ከዚህ ወዲያ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ባሳተመው ታላቅ የስውር ጽሕፈት ታሪክ ከዓረቦቹ ጸሓፊዎች በሰፊው የተነገረለት በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው አል ቃልቃሸንዲ ነው። በ1987 የአል ኪንዲ ጽሑፍ በደማስቆ ታተመ፤ በ1992ም ኢብራሂም አል ካዲ «ክሪፕቶሎጂያ» በሚባለው መጽሔት ስለ ዓረቦቹ ሊቃውንት ጻፈ። ከዚያ በኋላ የጥበቡ ታሪክ ወደ ኋላ አምስት መቶ ዓመት ያህል ተራዘመ። አንድ መጽሔት በአንድ ጽሑፍ የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው።

«ክሪፕቶሎጂያ» በ1977 በአሜሪካ የተመሠረተ መጽሔት ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ካን ነበረ። ከእርሱ አስቀድሞ የአሜሪካ የስውር ጽሕፈት ማኅበር ከ1930ዎቹ ጀምሮ «ክሪፕቶግራም» የሚባል መጽሔት ለአባሎቹ ያሳትም ነበር። ሒሳቡን የሚሹ ደግሞ በ1988 የወጣውን የክሪፕቶሎጂ ጆርናል ይመለከታሉ። በካሊፎርንያም ኤጂያን ፓርክ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ እንደ ዊልያም ፍሪድማን ያሉትን ሰዎች ጽሑፎች እንደ ገና እያተመ ለወዳጆቹ ይሸጥ ነበር። እንደዚህ ያለ ነጋዴ ሸቀጡ ጥቂት፥ ገዢውም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከሌላ ስፍራ የማይገኘውን ይዞ ይጠብቃል።

የኢትዮጵያስ ነገር ወዴት ይገኛል? ካህናት ሁሉ የሚያውቁትን የአምስቱን ቅንዋት ስም እንውሰድ፤ ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ። የላቲን መጻሕፍትን ያገላበጡ ሊቃውንት እነዚህን ስሞች ሳቶር፥ አሬፖ፥ ቴኔት፥ ኦፔራ፥ ሮታስ ከሚሉት ቃላት ጋር አስተያዩአቸው። የላቲኖቹ አምስት ቃላት እያንዳንዳቸው አምስት ፊደል ናቸውና፥ በአራት ማዕዘን ሲጻፉ 25 ፊደላት ይሆናሉ፤ ከላይም ከታችም፥ ከግራም ከቀኝም ቢያነቡአቸው ያው ናቸው። በ79 ዓመት በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ በአንድ ዓምድ ላይ ተቀርጸው በ1936 ተገኙ፤ በኑብያም በፋራስ በአንድ ባሕታዊ ዋሻ ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል። በግእዝ ግን ፊደሉ ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ 25ቱ ወደ 16 ወረዱ፤ ማዕዘኑም ፈረሰ፥ ስሙ ብቻ ቀረ። በክታብና በጸሎት መጽሐፍ የሚያነበው ሰው የዚህን መንገድ ርዝመት ከራሱ ከመጽሐፉ ሊያውቀው አይችልም።

የአፍ ስውር ቋንቋም እንዲሁ ነው። ቮልፍ ሌስላው የዛር ሰዎችን ቋንቋ «አፍሪካ» በተባለው መጽሔት፥ የነጋዴዎቹን «ላንግዌጅ» በተባለው፥ ሁለቱንም በ1949 አሳተመ፤ የአዝማሪዎቹንም በ1952 በአሜሪካ የምሥራቅ ጥናት ማኅበር መጽሔት አወጣ። በ1964 ስለ ኢትዮጵያ ስውር ቋንቋዎች የጻፈው መጽሐፍ በሔግ ሙቶን ከተባለው አሳታሚ ዘንድ ታተመ። አዝማሪው በጎጃምና በጎንደር የሚነጋገርበት ቃል በሆላንድ ታትሞ ሲገኝ፥ የአገሩ ተማሪ ግን መጽሔቱን ስሙን እንኳ ሳይሰማ ይኖራል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ጭራሽ የተዘጋ አይደለም። በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓመተ ምሕረት ተመሥርቶ በዚያው ዘመን የራሱን መጽሔት ማውጣት ጀመረ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ይሰበስባል። በሮማ ከ1941 ጀምሮ የወጣውን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት፥ በ1955 የተጀመረውን «አናል ዴትዮፒ»፥ በሐምቡርግም ከ1998 ወዲህ የሚዘጋጀውን «ኤትዮፒካ» የሚሻ ሰው ስማቸውን፥ ቅጻቸውንና ዓመታቸውን ጽፎ ይያዝ፤ ቅጹ ያልታወቀ ጽሑፍ ዘመድ እንደሌለው እንግዳ ነውና። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው «ኤንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ» በየርእሱ መጨረሻ የመጻሕፍቱን ስም ስለሚዘረዝር ለጀማሪ መልካም መሪ ይሆነዋል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ከ9000 የሚበልጡ መጻሕፍትን አንሥቶ አስቀምጧል፤ ካታሎጎቹ የሚነገረው ነገር በየትኛው ብራና እንዳለ ይናገራሉ።

አስማቱን፥ የፊደሉን ሒሳብና የስም ቈጠራውን የሚያውቁ አረጋውያን በየአድባራቱና በየገዳማቱ አሉ፤ የሚያውቁት ግን በቃል ነውና ሲያርፉ አብሮአቸው ያርፋል። የውጭው ሊቅ በመጽሔቱ የጻፈው ይቀራል፤ ያልጠየቀውና ያልጻፈው ግን ይጠፋል። ስለዚህ የመጽሔቶቹን ስም ማወቅ የግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከመምህራኑ ጠይቆ በአገር ቋንቋ መጻፍና ለሻጩ መደርደሪያ ማብቃት ነው። የአል ኪንዲ መጽሐፍ ሺህ ዓመት ያህል በመደርደሪያ ላይ ተኛ፤ መጽሐፉ ስለ ነበረ ግን የሚያነቃው ተገኘ። ያልተጻፈውን የሚያነቃው የለም።