ከአቡጊዳ እስከ ማሞ ቂሎ፤ ሥዕል በሕፃናት ንባብ

የዚህች አጭር ጽሑፍ አሳብ፥ ሥዕል ያለበት የልጆች መጽሐፍ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊሠራበት እንደሚገባ ከቀድሞው የፊደል ትምህርት ጋር አያይዞ መመልከት ነው፡፡

በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ገጠር፥ እንደ ሌላው የወሎ ክፍል ሁሉ፥ ልጅ በሁለት በር ወደ ጽሕፈት ይገባ ነበር፡፡ የክርስቲያኑ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ይቈጥራል፤ የእስላሙ ልጅ በእንጨት ሉሕ ላይ እየተጻፈለት ቁርኣን ይቀራል፡፡ በሁለቱም ዘንድ በልጁ እጅ ሥዕል አልነበረም፡፡ ሥዕል የነበረው በቤተ መቅደስ ነው፡፡ ከወልድያ በስተ ምዕራብ በላስታ፥ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሣሉት ቅዱሳን ስማቸው ከአጠገባቸው በግዕዝ ተጽፏል፡፡ ማንበብ የማይችለው ሰው ሥዕሉን ዐውቆ ያልፋል፤ ጽሑፉ ግን ለካህኑ ይቀራል፡፡ በአውሮፓ ኮሜንዮስ የተባለው መምህር ሥዕልንና ቃልን ለተማሪ ልጅ በአንድ መጽሐፍ አጣምሮ ያሳተመው እ. ኤ. አ. በ1658 ነበር፡፡

የኔታን ያስቸገራቸው ሌላ ነገር ነው፡፡ ልጆች በአንድነት ሀ ሁ ሂ ሲሉ ጆሮ ዓይንን ይቀድማል፤ ልጁ ስንጥሩን በገበታው ላይ እየጐተተ፥ ፊደሉን ሳያይ፥ ዜማውን ብቻ ይወጣዋል፡፡ ለዚህ መድኃኒቱ አቡጊዳ ነው፡፡ አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ ተብሎ ተራው ሲፈርስ፥ በቃሉ የያዘውና በዓይኑ የለየው ወዲያው ይታወቃሉ፡፡ በእኔ አስተያየት ከአሮጌው ትምህርት ቤት ብልሃቶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፡፡

አሁን ወደ ሥዕሉ መጽሐፍ እንመለስ፡፡ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ አጡ፡፡ ስለዚህ እ. ኤ. አ. በ2002 የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፥ ከባለ ቀለም ሥዕል ጋር አሳተሙ፡፡ በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በ2005 ደግሞ በአዋሳ መጽሐፍ የጫነ፥ በአህያ የሚሳብ ጋሪ መዞር ጀመረ፡፡ ተረቱ እናቱ ስለ ትናንቱ ጥፋት የሰጠችውን ምክር ዛሬ በሌላ ነገር ላይ እየፈጸመ የሚሳሳት ልጅ ነው፤ እንግሊዞችም ሰነፉ ጃክ የሚሉት ወንድም አለው፡፡

ችግሩም እዚህ ላይ ነው፡፡ ማሞ ቂሎን ልጆቻችን ከእናታቸው አፍ ሰምተውታል፡፡ ገጹ ሲገለጥ ሥዕሉን አይተው ተረቱን ይዘረግፉታል፤ መምህሩም አነበቡ ብሎ ደስ ይለዋል፡፡ እ. ኤ. አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ የሚሆኑት አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፡፡ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ወልድያ በጦርነት በተያዘችበት ጊዜም በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፡፡ ለብዙ ልጅ አንድ መጽሐፍ በሚደርስበት ክፍል ደግሞ ከፊት ያለው ያያል፤ ከኋላ ያለው ይሰማል፡፡

ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ሥዕሉን እያሳየ ያውራ፤ ልጆቹም ይሳቁ፡፡ ቀጥሎ ሥዕሉን በወረቀት ሸፍኖ ከጽሑፉ አንዳንድ ቃል ያለ ተራው በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ «እናቱ»፥ «ወተት»፥ «አህያ» እያለ፥ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ አስነሥቶ ያስነብብ፡፡