ከራንኮም እስከ ዛሪማ፦ የመግቢያ ትዕዛዝ ታሪክ

ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ያረፈ ባለሙያ በሞባይል ኔትወርክ አዲስ አበባ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ውስጥ ሲገባ፣ አንድ ቃል ሳይጽፍ ብዙ ሥራ ይሠራለታል። ማንነቱ እንደተረጋገጠ ማሽኑ የተዘጋጁለትን ፋይሎች አንብቦ ትዕዛዞቹን ይፈጽማል።

የዚህ አሠራር ሥር ኤምአይቲ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፋይል የተጻፉ ትዕዛዞችን በተራ የሚያስኬደውን ራንኮምን ሠራ። በ1979 የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) ተጠቃሚው ሲገባ «ፕሮፋይል» የተባለ ፋይል ያነብ ነበር፤ በ1989 ብራያን ፎክስ ያወጣው ባሽ የተባለው ሼልም ይህንኑ ወረሰ።

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ ታቱ ዩለነን ከሩቅ ሰርቨር ጋር በምስጢር የሚያገናኘውን ኤስኤስኤችን ጻፈ። እዚህ ላይ ታሪኩ ተለወጠ፤ ትዕዛዝን ከአንድ የመግቢያ ቁልፍ ጋር ማሰር ተቻለ። ቁልፉን የያዘ ሰው የተፈቀደለትን አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ መጠባበቂያ ቅጂ መላክን፣ ብቻ ይሠራል። በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀው እርምጃ ይህ ነው፤ ሙሉ እምነት ሳይሰጡ ሥራ ማሠራት ይቻላልና።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢንተርኔት በ1997 ገባ፤ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካተተ። ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ቅንብር አለ፤ ፕሮፋይሉ ውስጥ አንዲት የቋንቋ መስመር ከተጻፈች ቀንና ወር በአማርኛ ይወጣሉ። ሰርቨሩ ዩኒኮድ በማያውቅ ቅንብር ከተተወ ግን የአማርኛ ፋይል ስሞች በጥያቄ ምልክት ሊታዩ ይችላሉ። መፍትሔው ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ የራሳችንን ፊደል በጥያቄ ምልክት ማየት ያንገበግባል።

መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሲገቡ ቲመክስ የተባለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሳ ትዕዛዝ ትልቅ እፎይታ ነው። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ ተመልሰው ሲገቡ ከነበሩበት ይጀምራሉ። ጥንቃቄ ግን ያሻል። ባሽ ሲነሳ በሚያነበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ የሰላምታ ጽሑፍ የሚያወጣ መስመር ካለ፣ በኤስኤስኤች በኩል ፋይል በሚልከው በኤስሲፒ መላክ ሊከሽፍ ይችላል፤ ሰላምታው ሰው ራሱ ትዕዛዝ በሚጽፍበት ጊዜ ብቻ እንዲወጣ መገደብ አለበት።

በደባርቅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ሊኑክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ ያቺን የአማርኛ መስመር ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምራችሁ ተማሪዎቻችሁን አስጽፏቸው።